ሦስት ሰው የሚያዞረው ድልድይ

መዶሼ በሙያው የዲናሞ ሽቦ ጠቅላይ ነው። የውሃ ፓምፕ ሲቃጠል፣ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲጨስ፣ የአናጢው መጋዝ አልዞር ሲል ወደ እሱ ይመጣል። ክዳኑን ይፈታል፣ የነደደውን የመዳብ ሽቦ እየመዘዘ ያወጣል፣ ስንት ዙር እንደነበረ ይቆጥራል፣ ከዚያ በአዲስ ሽቦ ይጠቀልለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶበታል። ሞተሩን ሳይከፍት፣ አሽትቶ ብቻ፣ «ይሄ ውሃ ገብቶበታል፤ ያኛው ከአቅሙ በላይ ሠርቷል» ይላል። አይስትም።

ቅጽል ስሙን ያገኘው ግን ከሥራው አይደለም። ሱቁ ውስጥ ያለችው መዶሻ አንዲት ትንሽ የእንጨት መዶሻ ናት፤ ሽቦውን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው ማስገቢያ። መዶሼ ያሉት ጌም ውስጥ ነው።

ጌሙ በኢንተርኔት ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ የሚጫወተው ዓይነት ነው። የገባ ሰው ራሱን ወታደር ወይም ፈዋሽ ወይም አንጥረኛ ያደርጋል፣ ከሌላው ጋር ይቧደናል፣ ተራራ ያቋርጣል፣ ዘንዶ ይገድላል፤ በሠራው ልክ ደረጃው ከፍ ይላል። ጌሙ ብዙ ቅጂ አለው፤ እያንዳንዱን ቅጂ ተጫዋቾቹ «ዓለም» ይሉታል፣ የአንዱ ዓለም ሰው የሌላው ዓለም ውስጥ አይገኝም። መዶሼ ያለበት ዓለም ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሰው ሞልቶበት መግቢያው ላይ ወረፋ ይያዝ ነበር። «ከፊትህ አራት መቶ ሰው አለ» የሚል ጽሑፍ እያየ ራቱን በልቶ የጨረሰበት ቀን ብዙ ነው።

እሱ አንጥረኛ ሆነ። ቀን የሰው ሞተር ሲጠግን ይውላል፣ ማታ የሰው ጋሻ ይጠግናል። ባለቤቱ ልብስ ትሸጣለች፤ አንድ ቀን ከትከሻው በላይ አይታ፣ «አንተ ሰው፣ ዕረፍት ማለት ምን እንደሆነ የነገረህ የለም?» አለችው። ያኔ ጋሻ ሲሰበር አንጥረኛ ዘንድ መሄድ ግድ ነበር። ከአደባባዩ ጥግ ባለችው ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ይሠራል፣ ተሰላፊው ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ያወራል፣ ይሳደባል፣ ይቀልዳል። ጋሻው የተጠገነለት ሁሉ ግድግዳው ላይ ስሙን ጽፎ ይሄዳል። ሰልፍ ላይ ተዋውቀው የተጋቡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ መዶሼ ሰርጋቸው ላይ ተጠርቶ እስኪጠግብ በልቷል። ጌሙ ውስጥ የተቧደነበት ማኅበር ሰዎች ደግሞ አዋጥተው «ለመዶሼ» ተብሎ የተጻፈበት የብር መዶሻ ሰጡት። ገበያ ላይ የማይገኝ፣ አንድ ብቻ።

ደብዳቤው የመጣው አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ነው፤ በስልኩ። ከጌሙ ባለቤቶች። ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ አብሮት ለሚሠራው ለሸሪኩ፣ ለፍሪጅ ጠጋኙ፣ ጮክ ብሎ አነበበለት።

«በሚቀጥሉት አምስት ተከታታይ ቅዳሜዎች፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በዓለማችሁ ውስጥ የሚገኘው ሰው ይቆጠራል። የአምስቱ ቅዳሜ አማካይ ከሰማንያ በታች ከሆነ ዓለሙ ይዘጋል።»

«ቢዘጋ ምን ይሆናል?» አለ ሸሪኩ፣ ከኮምፕሬሰሩ ቀና ሳይል።

«ያለነው ሰዎች ወደ ትልቁ ዓለም እንዛወራለን። ቤቱ፣ ግድግዳው፣ አደባባዩ ግን ይጠፋል።»

«አሁን ስንት ሰው አላችሁ?»

«ጥሩ ቀን ከሆነ ዘጠኝ።»

ሸሪኩ አሁን ቀና አለ። «ዘጠኝ? ወንድሜ፣ ይሄማ ሰው የቀረበት ቀብር ማለት ነው!»

መዶሼ ማታውን ስልኩን አውጥቶ ለድሮዎቹ ተጫዋቾች አንድ በአንድ መደወል ጀመረ። መጀመሪያ ለካፒቴን። ካፒቴን የማኅበሩ አለቃ የነበረ ሰው ነው፤ በኑሮው የአውቶቡስ ሾፌር። ቀጥሎ ለሐኪሟ። እሷ ጌሙ ውስጥ ቁስለኛ እያዳነች የኖረች ስትሆን፣ በኑሮዋ የመጸዳጃ ቤት ሴራሚክ ትሸጣለች። እነሱም ለሌላው ደወሉ፣ ሌላውም ለሌላው። የይለፍ ቃሉን የረሳ፣ ኮምፒውተሩን የሸጠ፣ «ባለቤቴ ትገድለኛለች» ያለ ሁሉ ነበረበት። ቢሆንም በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ መቶ ሠላሳ አንድ ሰው ተገኘ።

መዶሼን የደስታው ብዛት ወንበሩ ላይ አላስቀምጥ አለው። አደባባዩ ሞላ። የሚጻጻፉት ጽሑፍ በላይ በላዩ ይወርዳል።

«ካፒቴን! አለህ እንዴ? እኔማ ሞተሃል ብዬ አርፌ ነበር።»

«ደም ግፊት ነው ያለኝ፤ ሐኪም ጨው ከልክሎኛል።»

«እኔ አልከለከልኩም» አለች ሐኪሟ።

«አንቺማ የሴራሚክ ሐኪም ሆነሻል አሉ።»

«ልጅ ስንት ደረሰ?»

«ሦስት። አንዱ አሁን ጭኔ ላይ ሆኖ ኪቦርዱን እየላሰ ነው።»

እንዲህ እየተባባሉ አንድ ሰዓት አለፈ። መዶሼ «ኑ እስቲ እንውጣ፣ ዘንዶውን እንግደል» ቢል የሚንቀሳቀስ ጠፋ። «የትኛውን ዘንዶ? እሱን እኮ መቶ ጊዜ ገድለነዋል፤ አሁን ብንሄድ ራሱ ይታዘበናል» አለ ካፒቴን። ደግሞም የብዙዎቹ ጥሩር አርጅቷል። የጌሙ ባለቤቶች በየዓመቱ አዲስ ምዕራፍ ሲጨምሩ ከሁሉ የሚበልጥ አዲስ ዕቃ ያመጣሉ፤ የትናንቱ ትርኪ ምርኪ ይሆናል። «ይቺን ጋሻ ሁለት ዓመት ለፍቼ ነው ያገኘኋት» አለ ካፒቴን፣ «በሦስተኛው ዓመት ለማንም መንገደኛ በነጻ ከሚሰጠው አነሰች። ለመጨረሻ ጊዜ የወጣሁት በዚያ ቀን ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ ሆድ ብሶኝ ነበር።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ሰማንያ ስምንት ሰው መጣ። መዶሼ ወረቀት ላይ ደመረ። የመጣው ሰው የመጣው ለመገናኘት ነው፤ ተገናኘ፣ ስልክ ተለዋወጠ፣ በቃው። አዲስ ሰው ያስፈልጋል።

ለአዲስ ሰው ደግሞ መዶሼ የራሱ አሠራር ነበረው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ራሱ የፈለሰፈው፣ ማኅበሩም ደንብ አድርጎ ያጸደቀለት። «ስንቅ» ይሉታል። አዲስ ሰው ገና መነሻው መንደር ላይ ሲበቅል፣ ከአባላት አንዱ ሄዶ ሣጥን ይሰጠዋል፦ ጥሩር፣ ሰይፍ፣ ፈረስ፣ ቦርሳ ሙሉ ወርቅ። ከዚያ ከመንደሩ ዳር ባለው አስማት በር ያሳልፈውና እያጀበው ጭራቁን ሁሉ ይገድልለታል። ድሮ ስምንት ወር የሚፈጀው መንገድ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። በደግነት ነው ያደረጉት። ከላይ ያሉት ብቸኝነት ተሰምቷቸው፣ ከታች ያለው ቶሎ እንዲደርስላቸው።

ሸሪኩንና ጎረቤታቸውን ቁልፍ ቀራጩን ለምኖ አስገባቸው። ለሁለቱም ስንቅ ሰጠ። እሑድ ከሰዓት ሙሉ ሲያጅባቸው ውሎ ከትልቁ ከተማ አደረሳቸው። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ውስጥ፦

«እንዴት ነው?» አለ መዶሼ፣ ሽቦውን እየለካ።

«ፈረሱ ያምራል» አለ ሸሪኩ።

«አዎ፣ ፈረሱ ያምራል» አለ ቁልፍ ቀራጩ፣ ከሸሪኩ ፊት ላይ እያነበበ። «እና ከዚህ በኋላ ምንድነው የሚደረገው?»

«ከዚህ በኋላማ ትልቁን ዘንዶ እንገጥማለን። አርባ ሰው ሲሞላ።»

«ዘጠኝ ነን አላልክም?»

«እሱን ነው እኮ የምንሞላው።»

ሁለቱ ተያዩ። ሐሙስ ላይ መግባት ተዉ። ሸሪኩ ሊያስከፋው ስላልፈለገ «ኢንተርኔቱ ነው» አለ፤ ቁልፍ ቀራጩ ግን ምላሱ አያርፍም፣ «መዶሼ፣ ያበላኸን የመጨረሻዋን ጉርሻ ነው። ምግቡን ማን በላው?» ብሎት ሄደ። መዶሼ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሃምሳ ሰባት።

የእህቱ ልጅ ክሊኒክ ውስጥ ራጅ ታነሳለች። እሑድ ለምሳ ስትመጣ ላፕቶፗን ይዛ እንድትመጣ ነገራት። ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ቁጥር ልታሟላብኝ ነው?»

«አዎ።»

«ደግ። ቢያንስ አልዋሸህም።»

ልጅቷ ፈዋሽ ሆና መንደሩ ውስጥ በቀለች። የሣር ክዳን ቤቶች፣ አንድ ጉድጓድ፣ ወዲያ ማዶ ወንዝ። ሰው የለም። መዶሼ በሚበር ፈረሱ መጥቶ አጠገቧ አረፈና ሣጥኑን ከፊቷ አኖረላት።

«ይሄን ተቀበይ።»

«ምንድነው?»

«ስንቅ። ጥሩር፣ ሰይፍ፣ ፈረስ። ከዚያ በዚህ በር እንገባና…»

«ወንዙ ማዶ ምን አለ?»

«ምንም። ጫካ ነው። እናልፈዋለን።»

«እሳቱ የሚታየው ቤት የማነው?»

«እኔ እንጃ፤ የጀልባ ሠሪ መሰለኝ። ልጄ፣ ጊዜ አናጥፋ። ተቀበይው።»

እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። «ጋሼ፣ ስምንት ወር ሙሉ የተቃጠለ ሽቦ ስፈታ ኖርኩ እያልክ አይደል ያሳደግኸን? ሙያውን ያስተማረኝ ጌታዬ አንድ ዙር እንድጠቀልል አልፈቀደልኝም፣ እጄ እየደማ ስቆጥር ነው ሙያው የገባኝ እያልክ? ለእኔ ሲሆን በአንድ ከሰዓት ምን አስጨረሰህ? ወደ ጌሙ አስገባኸኝ ወይስ ከጌሙ ልታስወጣኝ ነው?»

ከጓዳ የባለቤቱ ሳቅ ተሰማ። «እሰይ! መለሰችልህ!»

መዶሼ ሣጥኑን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ተናዶ ነው። «እንደፈለግሽ» ብሎ ፈረሱን አስነሳ።

ሰኞ ሱቅ ገብቶ አንድ የተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ከፈተ። ሽቦውን ሲመዝ እንደ ልማዱ ምክንያቱን ይፈልጋል። ሞተር በአንድ ቀን አይቃጠልም። ሰው የሚያየው የጨሰበትን ቀን ነው፤ መጎዳቱ የጀመረው ግን ከብዙ ጊዜ በፊት፣ አንዱ ለማቅለል ብሎ የነካካው ቦታ ላይ ነው። ባለቤቶቹ ጋሻ በአንድ ቁልፍ ራሱን እንዲጠግን ያደረጉ ጊዜ ተጫዋቹ በደስታ ጮኸ፤ በሳምንቱ የመዶሼ በር ላይ ሰልፍ አልነበረም። አስማት በሮቹን የተከሉ ጊዜም ሁሉም አመሰገነ፤ መንገድ ላይ የሚገናኝ ሰው ጠፋ። እነዚህን መዶሼ አሳምሮ ያውቃል፤ ዓመታት ሙሉ ባለቤቶቹን ሲረግምባቸው ኖሯል። የስንቁን ነገር ግን አስቦት አያውቅም። ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ስንቅ ከሰጣቸው ውስጥ ዓመት የቆየ አለ? እያሰበ ሽቦውን መዘዘ። አንድ ስም አልመጣለትም። መንደሩ ባዶ የሆነው ሰው ስላልመጣ ብቻ አይደለም። የመጣውንም ከመንደሩ እያነሱ አሳልፈውታል።

ረቡዕ በሥራ መሃል የእህቱ ልጅ ደወለች።

«ጋሼ፣ ድልድዩ አልወርድ አለ።»

«የቱ ድልድይ?»

«የወንዙ ነዋ! እኔና የክሊኒካችን ላቦራቶሪ የምትሠራ ጓደኛዬ አለን። ማዞሪያውን ሁለታችንም ይዘን እናዞራለን፣ ግማሽ ይወርድና ይመለሳል። ሦስት እጀታ አለው። ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል።»

«ከሥራ ስወጣ መጣሁ። ለእኔ ቀላል ነው።»

አሥራ አንድ ተኩል ላይ እቤት ደርሶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። በሚበር ፈረሱ ወንዙ ዳር አረፈ፤ ሁለቱ ልጆች ጥሩር የሌላቸው፣ በባዶ እግራቸው፣ ማዞሪያው አጠገብ ቆመዋል። ሦስተኛውን እጀታ ያዘ። «ማዞሪያው የሚታዘዘው ለአዲስ እጅ ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ደግሞ ሞከረ። ያው ጽሑፍ።

«ምንድነው የሚለው?» አለች ላቦራቶሪ ሠራተኛዋ።

«ጋሼን አልፈልግም ነው የሚለው» አለች የእህቱ ልጅ።

መዶሼ እጀታውን ለቀቀ። ያን ጊዜ ትዝ አለው። በዚሁ ቦታ ቆሞ ያውቃል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት፣ ከማያውቀው አንድ ሰው ጋር፣ ሦስተኛ ሰው እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ጠብቋል። ያ ሰው ስለሚነዳው አውቶቡስ ሲያወራለት ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች፣ «ይቅርታ፣ ደንበኛ መጥቶብኝ ነው» አለች። ሦስቱ ድልድዩን አወረዱት፤ በእግራቸው ተሻገሩ፤ ማዶ ጫካው ውስጥ ጠፍተው ሁለት ቀን ተንከራተቱ። ማኅበሩ የተመሠረተው እዚያ ነው፣ በካፒቴን፣ በሐኪሟና በእሱ። ስንቅ የሚቀበል ሰው ይሄን ድልድይ በዓይኑም አያየው።

«አንዴ ጠብቁኝ» አለ።

ወጥቶ አዲስ ሰው ሠራ። መዶሻ የሌለው፣ ፈረስ የሌለው፣ ከወገቡ በላይ ልብስ እንኳ የሌለው አንጥረኛ። ስሙን «መዶሼ ሁለት» አለው። ከጉድጓዱ እስከ ወንዙ በእግሩ ሲሮጥ አራት ደቂቃ ፈጀበት፤ መሃል ላይ አንድ የዱር አሳማ ገደለውና እንደገና ከጉድጓዱ ጀመረ።

«ጋሼ፣ አሳማ ገደለህ?» የእህቱ ልጅ በስልክ በሳቅ ፈረሰች።

«ዝም በይና እጀታሽን ያዢ።»

ድልድዩ እየተንቋቋ ወረደ።

በማግስቱ ለካፒቴን ደወለ። «ያንተን ዕቃ ሁሉ ተወው። አዲስ ሰው ሠርተህ ና፤ ሰው ካገኘህም ይዘህ ና። ስንቅ የለም።» ካፒቴን መጀመሪያ «ምነው፣ ሞተር ስታሸት ጭሱ ጭንቅላትህ ወጣ?» አለ። ማታ ግን ሁለት የአውቶቡስ ተራ አስከባሪዎች ይዞ መጣ። ሐኪሟ የሱቋን ገንዘብ ያዥና የወንድሟን ሚስት አመጣች። ሸሪኩም የማያርፍ ሰው ነው፤ መዶሼን አሳማ ገደለው ሲባል ሰምቶ፣ «እሱን ሳላይማ አልቀርም» ብሎ ቁልፍ ቀራጩን ጎትቶ ተመለሰ፣ ፈረሱን ትቶ።

በአራተኛው ቅዳሜ አርባ ዘጠኝ ሰው ተቆጠረ። ድምሩ ሦስት መቶ ሃያ አምስት። አማካዩ ሰማንያ እንዲሆን የአምስቱ ቅዳሜ ድምር አራት መቶ መድረስ አለበት፤ ሰባ አምስት ሰው ጎደለ።

በአምስተኛው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ መዶሼ አደባባዩ ላይ አልነበረም። ጫካው ውስጥ ከላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ጋር መንገድ ጠፍቶበት ስለ አንድ ድብ ይከራከር ነበር። ቁጥሩ ሲወጣ ሃምሳ ሦስት። ከእነዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙ መንደሩና ወንዙ ዳር ነበሩ። ዓመታት ሙሉ ማንም ባልረገጠው ቦታ። አማካዩ ግን ሰማንያ አልደረሰም፤ ሰባ አምስት ከምናምን።

«እና?» አለች ባለቤቱ፣ ሻይ እያቀረበችለት።

«ሊዘጋ ነው።»

አጠገቡ ተቀመጠች። በትዳራቸው ዘመን እዚህ ጌም ፊት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። «ግድግዳውን አሳየኝ እስቲ» አለች። አሳያት። ስሞቹን ቀስ ብለው እያወረዱ አነበቡ፤ ሰርጋቸው ላይ የበላላቸው ሰዎች ስም ጋ ስትደርስ «እነዚህ ናቸው?» አለችና ሳቀች።

ሁለተኛው ደብዳቤ ሰኞ መጣ። «ወደ ትልቁ ዓለም ስትዛወሩ እያንዳንዱ ተጫዋች ይዞ የሚሄደው ጌሙ ውስጥ ከሠራቸው ሰዎች አንዱን ብቻ ነው። ምረጡ።»

ሸሪኩ ከትከሻው በላይ አነበበው። «ይሄማ ምርጫ አይደለም። የአሥራ አምስት ዓመቱን ትወስዳለህ፣ የብር መዶሻህንም ይዘህ።»

«እዛም እኮ መዶሻ በራሱ ነው የሚመታው» አለ መዶሼ። «ጋሻውም ራሱን ይጠግናል። የብር መዶሻ ይዤ ማን በር ላይ ልቁም?»

«እና ልትጥለው ነው?»

መዶሼ ሽቦውን ከጠቀለለ በኋላ፣ በእንጨት መዶሻዋ ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው እየመታ፣ «ልጆቹ ድልድዩ ጋ ናቸው፤ እነሱ ያሉበት ነው የምሄደው» አለ። አዝኗል እንጂ አላቅማማም፤ ማታ እቤት ገብቶ የጌሙን የድሮ መዶሼ ለመጨረሻ ጊዜ አንጥረኛ ቤቱ ውስጥ አስገባው፣ መዶሻውን መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አስቀመጠ፣ ወጣ። ከዚያ ከሁለቱ ስሞች ታችኛውን፣ «መዶሼ ሁለት» የሚለውን፣ ተጫነ።

ትልቁ ዓለም ውስጥ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ተገናኙ። መነሻ መንደሩ ያው ነው፦ ያው ጉድጓድ፣ ያው ወንዝ። እዚያም ሰው የለም። ሁለት ሺህ ሰው ያለበት ዓለም ነው ተብሏል፤ ሁሉም ግን ከፍ ካለው ደረጃ ላይ፣ ከትልቁ ከተማ ነው ያለው። ዝውውሩ ድልድዩን ወደ ነበረበት መልሶታል፤ ተነስቷል። አሥራ ዘጠኙ መጥተው ወንዙ ዳር ተኮለኮሉ።

የእህቱ ልጅ፣ ሸሪኩና መዶሼ ሦስቱን እጀታዎች ይዘው ሊያዞሩ ሲሉ፣ የሚበር አንበሳ ላይ የተቀመጠ፣ ከእግር እስከ ራሱ የሚያበራ ሰው ከሰማይ ወረደ። «ነጎድጓድ» ይላል ስሙ።

«አዲሶች ናችሁ?» ሲል ጻፈ። «ጥሩር ልስጣችሁ? ፈረስ? በበሩ ላሳልፋችሁ፣ በአንድ ሰዓት ከተማ አደርሳችኋለሁ።»

መዶሼ ሳይጽፍ የእህቱ ልጅ ቀድማ መለሰች። «ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ፣ አንፈልግም። ማዞሪያውን እንዳትነካ ብቻ፤ አንተን አይታዘዝህም።»

ሦስቱ አዞሩ፣ ድልድዩ እየተንቋቋ ወረደ፣ አሥራ ዘጠኙ በእግራቸው እየተጋፉ ተሻገሩ፣ ቁልፍ ቀራጩ መሃል ላይ ወደ ወንዙ ወደቀና ስድብ ጻፈ። ነጎድጓድ ጥቂት ጊዜ እያየ ቆይቶ ከዓይን ጠፋ።

«ተቀየመ መሰለኝ» አለ ካፒቴን።

ጫካው ጫፍ ላይ ቆመው ቁልፍ ቀራጩ ዋኝቶ እስኪወጣ ሲጠብቁ፣ ከማዶ አንድ ሰው ከጉድጓዱ አቅጣጫ ሲሮጥ ታየ። ጥሩር የለውም፣ አንበሳም የለውም፤ ከኋላው የዱር አሳማ ያባርረዋል። ከራሱ በላይ «ነጎድጓድ ሁለት» ይላል።

«ድልድዩን እንዳታነሱት!» ሲል ጻፈ፣ ፊደሎቹን እያሳሳተ።

«ግራ፣ ግራ! አሳማው ወደ ግራ መዞር አይችልም!» ብሎ ጻፈለት መዶሼ፣ እንደ አዋቂ።